ልብ ማለት ትምህርት ሲሆን፦ በማሳቹሴትስ ስላሉት የቡድሃ የተመስጦ ማኅበሮችና የዝምታ ሱባዔዎች

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላል የአገራችን ሰው። የዚህን ተረት እውነተኛነት ለፈተና በምዘጋጅበት ጊዜ በራሴ ላይ አየሁት። አንድ ምሽት የታሪክ መጽሐፌን ገልጬ ሦስት ገጽ ያህል ካነበብኩ በኋላ አባቴ ወደ ክፍሌ ገቡና «እስቲ ያነበብከውን ንገረኝ» አሉኝ። ዓይኔ በፊደሎቹ ላይ ሲሄድ ቢቆይም ልቤ ግን አንድ ጊዜ ከኳስ ሜዳ፥ አንድ ጊዜ ከስልኬ፥ አንድ ጊዜም «ብወድቅስ?» ከሚለው ሥጋት ጋር ሲዞር ስለ ነበረ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ልመልስላቸው አልቻልኩም። አባቴም አልተቆጡኝም፤ «እንግዲያው አንተ እዚህ አልነበርክማ!» ብለውኝ ወጡ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በክፍላችን ክርክር ተነሣ። አንደኛው ጓደኛችን «በውጭ አገር አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ጸጥ ብለው ተቀምጠው ልባቸውን መሰብሰብ ይለማመዳሉና እኛም ብንጀምር» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሁለተኛው «ይህ የባዕድ ሃይማኖት ጸሎት ነው፤ አይሆንም» ብሎ ተቃወመው። ሦስተኛው ደግሞ «ሃይማኖት የለበትም፤ እንደ ሰውነት ማጎልመሻ ያለ ልምምድ ነው» አለ። ሁሉም በየቃሉ ጸና እንጂ ነገሩ ከወዴት እንደ መጣ የሚያውቅ አልተገኘም። ሳያውቁ መቀበልም ሆነ ሳያውቁ መንቀፍ ለተማሪ የማይገባ መስሎ ስለ ታየኝ፥ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ቆረጥኩ። የመረመርኩትንም ለእናንተ፥ ለተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፥ ለውድ ጓደኞቼም ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ለምሳሌ እንዲሆነኝ የመረጥኩት በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘውን የማሳቹሴትስን ግዛት ነው። ምክንያቱም በዚህች አንዲት ግዛት ውስጥ በቡድሃ ትምህርት የሚመሩ የሱባዔ ቤቶች፥ ልምምዱን ከሃይማኖት ለይቶ ለሕመምተኞች የሰጠ ሐኪም ቤት፥ እንዲሁም ሃይማኖቱን ከአባቶቻቸው የወረሱ ስደተኞች በቅርብ ርቀት ስለሚገኙ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርቱ ከወዴት መጣ?

ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት በሰሜን ሕንድ ሲዳርታ ጎታማ የሚባል ሰው ነበረ። ተከታዮቹ «ቡድሃ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «የነቃ» ማለት ነው። ያስተማረው ትምህርት ባጭሩ ሲገለጥ፥ የሰው ልጅ የሚሠቃየው የሚያልፈውን ነገር እንደማያልፍ አድርጎ ስለሚመኝና ሙጭጭ ብሎ ስለሚይዝ ነው፤ ከዚህም ሥቃይ ለመውጣት ምግባርን ማቅናት፥ ልብን መግራትና የነገሮችን እውነተኛ ጠባይ ማስተዋል ያስፈልጋል የሚል ነው። ልብን ለመግራት ካዘዛቸው ልምምዶች አንዱ በፓሊ ቋንቋ «ሳቲ» ይባላል። ሳቲ አሁን የሚሆነውን ነገር በሚሆንበት ሰዓት ሳይረሱ መከታተል ነው። በአማርኛችን «ልብ ማለት» የምንለው በጣም ይቀርበዋል። ልብ የሚባሉትም አራት ናቸው፦ አካል፥ የደስታና የሕመም ስሜት፥ የአእምሮ ሁኔታ፥ በመጨረሻም በአእምሮ የሚመላለሱት ነገሮች።

እዚህ ላይ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አገኘሁ። ይህ ልምምድ ጥንታዊ ቢሆንም ተራው ምእመን ሥራውን ለጥቂት ቀን ትቶ ለተመስጦ ሱባዔ የሚገባበት ሥርዓት ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ተመስጦ በአብዛኛው የመነኮሳት ሥራ ነበረ፤ ከመነኮሳቱም ብዙዎቹ መጻሕፍት ከማጥናት አልፈው አይለማመዱትም ነበር። በ1885 እንግሊዞች የበርማን ንጉሥ ቲባውን ከዙፋኑ አውርደው አገሩን በሙሉ ያዙ። የበርማ ንጉሥ የሃይማኖቱ ጠባቂ ስለ ነበረ ሕዝቡ «ንጉሡ ከሄደ ሃይማኖታችንን ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ ሠጋ። ሌዲ ሳያዶ የሚባሉት ሊቅ መነኩሴ (1846–1923) መልሳቸው «እያንዳንዱ ምእመን ራሱ ተምሮና ተለማምዶ ይጠብቀው» የሚል ሆነ። ስለዚህ በየከተማው እየዞሩ ለገበሬውም ለነጋዴውም ተመስጦን አስተማሩ። እንግዲህ ዛሬ በአሜሪካ ዘመናዊ መስሎ የሚታየው ነገር መነሻው አገሩን በባዕድ የተነጠቀ ሕዝብ የራሱ የሆነውን ነገር እንዳያጣ ያደረገው ትግል ነው።

ከሌዲ ሳያዶ በኋላ ሁለት መንገዶች ጎልተው ወጡ። አንደኛው ከ1949 ጀምሮ በራንጉን ከተማ ያስተማሩት የመነኩሴው የማሃሲ ሳያዶ (1904–1982) መንገድ ነው። እርሳቸው ተማሪው ሆዱ ሲነሣና ሲወርድ እንዲከታተል፥ በልቡ የሚመጣውንም ሁሉ «መስማት ነው፥ ማሰብ ነው፥ ሕመም ነው» እያለ በየስሙ እንዲለየው ያስተምሩ ነበር። ሁለተኛው የኡ ባ ኪን (1899–1971) መንገድ ነው። ኡ ባ ኪን መነኩሴ ሳይሆኑ፥ በርማ በ1948 ነፃ ስትወጣ የመንግሥቱ ዋና የሒሳብ ሹም የነበሩ ባለ ትዳር ሰው ናቸው። በመሥሪያ ቤታቸው ላሉት ሠራተኞች እንኳ ተመስጦን ያስተምሩ ነበር። ከተማሪዎቻቸውም አንዱ በማንዳሌ የተወለዱት የሕንድ ዘር ነጋዴ ጎዬንካ (1924–2013) ናቸው፤ እርሳቸውም ለጽኑ የራስ ምታት መፍትሔ ሲፈልጉ ወደ ኡ ባ ኪን ደርሰው ኋላ በ1969 ትምህርቱን ወደ ሕንድ ወሰዱት።

ወደ ማሳቹሴትስ እንዴት ገባ?

የማሳቹሴትስ ሰዎች የቡድሃን ስም የሰሙት ከሩቅ ዘመን ጀምሮ ነው። በ1844 በዚያው ግዛት የሚታተም «ዘ ዳያል» የተባለ መጽሔት ከአንድ የቡድሃ መጽሐፍ ጥቂት ክፍል ከፈረንሳይኛ አስተርጉሞ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ደራሲው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በኮንኮርድ ከተማ አጠገብ፥ በዋልደን ኩሬ ዳር ትንሽ ጎጆ ሠርቶ ለብቻው በጸጥታ መኖር ጀመረ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የንባብ ወሬ ነበረ እንጂ የልምምድ ቤት ገና አልተተከለም።

የልምምዱ ቤት የተተከለው በሌላ መንገድ ነው። በ1960ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ወጣቶችን ወደ ብዙ አገሮች ለአገልግሎት ይልክ ነበር። ወደ ኢትዮጵያም በ1962 የመጀመሪያዎቹ ደርሰው በየትምህርት ቤቱ ስላስተማሩ አያቶቻችን «የሰላም ጓድ» እያሉ ያስታውሷቸዋል። ከእነዚሁ የሰላም ጓድ ወጣቶች መካከል ጆሴፍ ጎልድስታይንና ጃክ ኮርንፊልድ የደረሳቸው አገር ታይላንድ ነበረ። እነርሱ ሊያስተምሩ ሄደው ተማሪዎች ሆነው ተመለሱ። ኮርንፊልድ በታይላንድ ጫካ ውስጥ ከመነኮሳት ዘንድ ተማሩ፤ ጎልድስታይን ደግሞ ቡድሃ ነቃባት ወደምትባለው ወደ ቦድ ጋያ ሄደው ሙኒንድራ ከሚባሉ መምህር እግር ሥር ተቀመጡ። ሻሮን ሳልዝበርግም በ1970 ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳሉ ከኮሌጅ ትምህርታቸው ተነሥተው ወደ ሕንድ ሄዱ፤ በ1971 መጀመሪያም በጎዬንካ ሱባዔ ገቡ።

እነዚህ ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በ1975 ማኅበር አቋቋሙ። ባሪ በምትባል ትንሽ የማሳቹሴትስ ከተማ ቀድሞ የካቶሊክ መነኮሳት ማሠልጠኛ የነበረ የጡብ ሕንፃ ገዙ። የከተማይቱ መፈክር «ጸጥተኛና ንቁ» የሚል ሆኖ ስላገኙት «ለእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም» ብለው እንደ ተደሰቱ ይተርካሉ። የሱባዔው ቤት በየካቲት 1976 ተከፈተ። ማሃሲ ሳያዶ ራሳቸው በ1979 መጥተው ጎበኙት። በ1980ዎቹ መጀመሪያም ዲፓ ማ የተባሉት ሴት መምህር ከካልካታ መጥተው አስተማሩበት። ዲፓ ማ ባላቸውንና ከልጆቻቸው አንዳንዶቹን በሞት አጥተው ከኀዘናቸው ብዛት አልጋ ላይ ከወደቁ በኋላ በተመስጦ የተነሡ፥ በኋላም በካልካታ ቤታቸው ውስጥ የቤት እመቤቶችን ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ነበሩ።

የጎዬንካም ተማሪዎች በዚያው ግዛት በምዕራብ በኩል በሼልበርን ፎልስ በ1982 በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ማዕከላቸውን አቋቋሙ። በ1985 ደግሞ በኬምብሪጅ ከተማ መካከል ሌላ የተመስጦ ቤት ተከፈተ። የዚህ ቤት ዓላማ ሰዎች ሥራቸውንና ቤተ ሰባቸውን ሳይተዉ ማታ ማታ እየመጡ አብረው እንዲለማመዱ ነው። ከእነዚህ ሌላ በየሰፈሩ ጥቂት ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን በአንዱ ሰው ሳሎን ወይም በተከራዩት አዳራሽ ተሰብስበው ግማሽ ሰዓት ያህል በዝምታ ይቀመጡና ከዚያ በኋላ ሻይ እየጠጡ የሚወያዩባቸው ትንንሽ ማኅበሮች አሉ። የእኛን ሰው የጽዋ ማኅበር ለሚያውቅ፥ ሃይማኖቱና ሥርዓቱ ሌላ ቢሆንም፥ በየተራ መሰባሰቡ እንግዳ አይሆንበትም።

በሱባዔ ቤት አንድ ቀን እንዴት ይውላል?

በጎዬንካ ሥርዓት የሚካሄደው ሱባዔ አሥር ቀን ይፈጃል። የሚገባው ሰው አስቀድሞ ነፍስ ላለማጥፋት፥ ላለመስረቅ፥ ላለመዋሸት፥ ከሩካቤ ለመራቅና የሚያሰክር ነገር ላለመውሰድ ቃል ይገባል። ስልኩን፥ መጽሐፉን፥ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ሁሉ ለቤቱ ያስረክባል። ወንዶችና ሴቶች በየብቻቸው ያድራሉ። ከሌላው ሱባዔተኛ ጋር በቃልም፥ በምልክትም፥ በዓይን ጥቅሻም መነጋገር ክልክል ነው፤ ለመምህሩና ለአስተናጋጆቹ ግን ችግሩን መንገር ይችላል።

የቀኑ ሥርዓት እንዲህ ነው። ከንጋቱ 10 ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል። ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ተመስጦ ነው። ከቁርስ በኋላ ከጥዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፥ ከምሳ በኋላም ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይቀመጣሉ። በ11 ሰዓት ሻይ ይቀርባል፤ አዲስ ገቢዎች ጥቂት ፍራፍሬ ሲጨመርላቸው ነባሮቹ ግን ከቀትር በኋላ ምግብ አይቀምሱም። ማታ አንድ ሰዓት ያህል የጎዬንካ ትምህርት በቅጂ ይሰማል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል። ተደምሮ ሲታሰብ በቀን አሥር ሰዓት ያህል መቀመጥ ነው። የመኝታም የምግብም ዋጋ አይጠየቅም፤ ወጪው የሚሸፈነው ቀድሞ ሱባዔውን የፈጸሙ ሰዎች በሚሰጡት ስጦታ ነው።

በባሪው ቤት ሥርዓቱ ለየት ይላል። መቀመጥና መራመድ ይፈራረቃሉ፤ ለምሳሌ ሦስት ሩብ ሰዓት ከተቀመጡ በኋላ ያንኑ ያህል በዝግታ ይራመዳሉ። እርምጃውም ወደ አንድ ቦታ ለመድረስ አይደለም፤ እግሩ ሲነሣ፥ ሲሄድና ሲያርፍ እያንዳንዱን ልብ ለማለት ነው። ሱባዔተኛው በየቀኑ ሳሕን ማጠብ ወይም ወለል መጥረግን የመሰለ ሥራ ይሰጠዋል፤ ይህንንም እንደ ተመስጦ ክፍል አድርጎ ይሠራዋል። አንዳንዱ ሱባዔ የሁለትና የሦስት ቀን ሲሆን፥ በመከር ወራት የሚደረገው ግን ሦስት ወር ይዘልቃል።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። እነዚህ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ሲቀመጡ ምን እየሠሩ ነው? ብዙ ሰው «አእምሯቸውን ባዶ እያደረጉ ነው» ብሎ ይገምታል። እኔም እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ተቀማጩ መጀመሪያ አንድ ቀላል ነገር ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜም ትንፋሹን። አየሩ በአፍንጫው ሲገባና ሲወጣ ይከታተላል። ጥቂት ሳይቆይ ልቡ ይሸሻል። መሸሹን ባወቀ ጊዜ ራሱን ሳይወቅስ ይመልሰዋል። እንደገና ይሸሻል፤ እንደገና ይመልሰዋል። ልምምዱ ይኸው ነው። መምህሮቹ እንደሚሉት ልብ መሸሹ ጥፋት አይደለም፤ ይልቁንም «ሸሽቷል» ብሎ የማወቂያዋ ቅጽበት ትምህርቷ ናት። ኳስ ተጫዋች ኳሲቱ እያመለጠችው እግሩን እንደሚያሠለጥን ሁሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የሚመጣው ጉልበትና ጀርባ መታመም ሲጀምሩ ነው። ለማመም ደግሞ ጊዜ አይፈጅባቸውም። ተማሪው ወዲያው ከመንቀሳቀስ ፈንታ ሕመሙን እንዲመለከት ይነገረዋል፤ የት እንደ ጀመረ፥ ይቃጠል እንደ ሆነ ወይም ይወጋ እንደ ሆነ፥ ይጨምር እንደ ሆነ ወይም ይቀንስ እንደ ሆነ። በዚህ ጊዜ ሕመሙ ራሱ አንድ ነገር፥ በሕመሙ ላይ የሚጨመረው «መቼ ነው የሚያበቃው? አልችልም!» የሚለው ጩኸት ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ይለያል። ቡድሃውያን «ቪፓሳና» የሚሉት ማስተዋል ከዚህ ይጀምራል፤ የሚመጣው ሁሉ የሚሄድ መሆኑን በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ጉልበቱ ያየዋል ይላሉ።

የዉስተሩ ሐኪም ቤት

ከባሪ ብዙ በማትርቀው በዉስተር ከተማ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ይገኛል። በዚያ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጆን ካባትዚን የዶክተርነት ማዕረጋቸውን በ1971 ያገኙት በሥነ ሕይወት ምርምር ነው። እርሳቸው በ1979 በባሪ ሱባዔ ላይ ሳሉ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። «ሐኪሞች የሚችሉትን አድርገውላቸው ሕመማቸው ያልለቀቃቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ወደ ሱባዔ ቤት አይመጡም። እንግዲያስ ልምምዱ ሃይማኖታዊ ልብሱን አውልቆ ወደ እነርሱ ለምን አይሄድም?» የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በሐኪም ቤቱ ትምህርቱን ጀመሩ።

ትምህርቱ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ሕመምተኞቹ በሳምንት አንድ ቀን ይሰበሰባሉ፤ በቤታቸውም በሳምንት ስድስት ቀን ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል እንዲለማመዱ ይታዘዛሉ። በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት የዘቢብ ፍሬ ይሰጠዋል። ፍሬዋን አይቶ፥ ዳስሶ፥ አሽትቶ፥ በመጨረሻም በዝግታ አኝኮ እንዲበላት ይደረጋል። በጋደሙበትም ከእግር ጣት እስከ ራስ ድረስ አካላቸውን በልባቸው ይዳስሳሉ። በትምህርቱ መካከል አንድ ሙሉ ቀን በዝምታ ይውላሉ። የቡድሃ ምስል የለም፤ ስግደት የለም፤ የፓሊ ቃልም አይነገርም። በ1993 ሥራው በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ በብዙ አገሮች ሐኪም ቤቶች፥ ወኅኒ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተዛመተ። በክፍላችን የተነሣው ክርክር ፍሬ ነገር እንግዲህ ከዚህ የተቀዳ ነው።

ስለ ሌሎቹ ቡድሃውያን

በዚህ ብቻ ብጨርስ ግን ግማሹን እውነት እንደ መደበቅ ይሆንብኛል። በማሳቹሴትስ ሎዌል የምትባል የፋብሪካ ከተማ አለች። በአሜሪካ ካምቦዲያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በአገራቸው ከ1975 እስከ 1979 በክመር ሩዥ አገዛዝ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ በግድያ፥ በረኃብና በበሽታ አለቀ። መነኮሳት ተገደሉ ወይም ልብሳቸውን እንዲያወልቁ ተገደዱ፤ ገዳማት ፈረሱ። ከዚያ ያመለጡት ሰዎች በሎዌልና በአካባቢዋ ቤተ መቅደሶች ሠሩ።

እነዚህ ሰዎች ከልደታቸው ጀምሮ ቡድሃውያን ሲሆኑ፥ አብዛኞቹ ወደ ዝምታ ሱባዔ አይገቡም። ሃይማኖታቸው በሌላ ነገር ይታወቃል። ማለዳ ለመነኮሳት ምግብ ያቀርባሉ፤ በዘመን መለወጫ ይሰበሰባሉ፤ ከሁሉም በላይ በመስከረም ግድም በሚውለው የሙታን መታሰቢያ የጠፉትን ዘመዶቻቸውን ስም እያነሡ ያስባሉ። ብዙዎቹ የተቀበሩበት እንኳ አይታወቅም። ይህን ሳነብ ቡድሃዊነት ማለት በትራስ ላይ ተቀምጦ ትንፋሽን መቁጠር ብቻ መስሎ እንዲታየኝ ያደረገው ስሕተት ተገለጠልኝ።

ሁለቱን ያገናኙ አንድ ሰው ግን ነበሩ። ማሃ ጎሳናንዳ የተባሉት የካምቦዲያ መነኩሴ አገራቸው ስትጠፋ በታይላንድ ጫካ በተመስጦ ላይ ነበሩ። ቤተ ሰባቸው በሙሉ በዚያ እልቂት አለቀ። እርሳቸው በስደተኞች ሠፈር እየዞሩ የተረፉትን አጽናኑ። ከ1992 ጀምሮ ፈንጂ በተቀበረበትና ጦርነት ባልበረደበት በካምቦዲያ ምድር መነኮሳትንና ሕዝብን እየመሩ ለሰላም በእግራቸው ተጓዙ። በማሳቹሴትስ በሌቨሬት መንደር፥ በ1985 በተመረቀው የሰላም ሐውልት አጠገብ ይኖሩ ነበር፤ ያረፉትም በዚያው ግዛት በ2007 ነው። በባሪ ሱባዔተኛው በዝግታ የሚራመድበትን እርምጃ እኒህ ሰው በጦር ሜዳ መካከል ተራምደውታል።

ጥቅሙና ጉዳቱ ተመርምሯልን?

ተመርምሯል። ውጤቱም አንዳንዱ ሰው እንደሚያወራው ተአምር አይደለም፤ ከንቱም አይደለም። በ2014 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 3,515 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 47 ጥናቶች ሰብስበው መዘኑ። ልብ የማለት ልምምድ ጭንቀትን፥ ትካዜንና የአካል ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቃልል አገኙ፤ ነገር ግን ከመድኃኒት ወይም ከስፖርት የሚበልጥ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የጭንቀት በሽታ ያለባቸውን 276 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፥ ግማሹን የስምንት ሳምንቱን ትምህርት ግማሹን የታወቀ መድኃኒት ሰጣቸው። በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች የተቀራረበ ለውጥ አሳዩ።

እኛን ተማሪዎችን በተለይ የሚመለከተው ግን በዚያው በ2022 በእንግሊዝ አገር የወጣው ጥናት ነው። ከ8,000 በላይ ተማሪዎች ተካፍለው ከፊሎቹ በየክፍላቸው ልብ የማለትን ትምህርት እንዲማሩና በተለመደው ትምህርት ከቀጠሉት ከሌሎቹ ጋር እንዲነጻጸሩ ተደረገ። በአእምሯቸው ጤና ላይ የተለየ ጥቅም አልታየም። ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ በቤታቸው አልተለማመዱትም። ያልፈለገውን ነገር በግድ የተሰጠው ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ ልቡን አይሰበስብም ማለት ነው።

ጉዳትም አለው። በ2017 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ተመስጦ ያደረጉ ሰዎችን ጠይቀው ከመካከላቸው ፍርሃት፥ እንቅልፍ ማጣትና ከራስ የመለየት ስሜት የገጠማቸው እንዳሉ ጻፉ። በተለይ በቀን አሥር ሰዓት መቀመጥ ለሁሉ ሰው የሚሆን አይደለም። ስለዚህ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ወደ ረጅም ሱባዔ መግባት አይገባውም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ወደ ክፍላችን ክርክር ልመለስ። «የሌላ ሃይማኖት ነው» ያለው ጓደኛችን ባሪንና ሼልበርን ፎልስን ቢመለከት አልተሳሳተም፤ በእነዚያ ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት የቡድሃ ትምህርት ነው፤ ራሳቸውም አይደብቁትም። «ልምምድ ብቻ ነው» ያለው ደግሞ የዉስተሩን ሐኪም ቤት ቢያይ አልተሳሳተም። ስሕተታቸው አንዱን ቤት አይቶ ስለ ሁሉ መፍረድ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ወደ እንደዚህ ያለ ማኅበር ሲጋበዝ ሦስት ነገር ይጠይቅ እላለሁ። ይህ ትምህርት ሃይማኖት ነው ወይስ ልምምድ? የሚያስተምረው ሰው ከማን ተማረ? ቢከብደኝ መውጣት እችላለሁን?

እኛም ብንሆን በጸጥታ ልብን መሰብሰብ ከውጭ የምንበደረው ነገር አይደለም። ክርስቲያኑ ሱባዔ ይገባል፤ ሙስሊሙ በረመዳን መጨረሻ በመስጊድ ኢዕቲካፍ ይቀመጣል። ዓላማቸው ከቡድሃውያኑ የተለየ ነው፤ እነዚህ ወደ ፈጣሪ ይጸልያሉ፥ እነዚያ የገዛ ልባቸውን ይመረምራሉ። ይህንን ልዩነት ማጥፋት ሁለቱንም ወገን ማቃለል ይሆናል። ሆኖም የሰው ልብ ካልተጠበቀ እንደሚሸሽ ሁሉም ያውቃሉ።

የመጀመሪያው ጓደኛችን ያቀረበውን ሐሳብ በተመለከተ፥ ትምህርት ቤታችን ልምምዱን ለሁሉ ተማሪ ግዴታ እንዲያደርግ አልመክርም፤ የእንግሊዙ ጥናት ይህን አስተምሮኛል። ነገር ግን ከመምህሩ ሰላምታ በኋላ አንዲት ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ፥ የፈለገ የሚጸልይባት፥ የፈለገም ትንፋሹን የሚሰማባት ብትሆን ማንንም አትጎዳም።

እኔ በበኩሌ ወደ ምንም ሱባዔ አልገባሁም። ነገር ግን ከዚህ ንባብ አንድ ነገር ወስጃለሁ። ሳጠና ስልኬን ለእናቴ እሰጣለሁ፤ ልቤ ሲሸሽም ራሴን መሳደብ ትቼ ወደ መስመሩ እመልሰዋለሁ። በቀደም አባቴ ገብተው እንደ ልማዳቸው «እስቲ ንገረኝ» አሉኝ። ከሦስቱ ገጾች ሁለቱን ነገርኳቸው። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ግን ዝም አልኩ። «እዚች ላይ የት ሄደህ ነበር?» ቢሉኝ፥ አሁን የት እንደ ሄድኩ ዐውቄ ልመልስላቸው ቻልኩ።